የሣጥኑ መዝገብና የሣጥኑ ደብዳቤ፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ሲሆኑ፣ ሁሉም የሚጠይቁት በዳታቤዝ ላይ የተመሠረተ የኢሜይል ሰርቨር አቁሞ ስለ መንከባከብ ነው። እንደ ልማዳችን የጠያቂዎቹን ስም ትተን ደብዳቤዎቹን አሳጥረን አቅርበናል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ በዕቃ አስተላላፊነት ሥራ በተሰማራ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። 38 ሠራተኞች አሉን፤ ከጅቡቲ ጋር የምንጻጻፈው ሁሉ በኢሜይል ነው። እስካሁን ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በሊኑክስ ሰርቨሩ ላይ አካውንት እየከፈትኩ ቆይቻለሁ። አሁን ሁለተኛ ዶሜይን (በአድራሻው ከ@ በኋላ የሚመጣ ስም) ልንጨምር በመሆኑ አንድ የሙያ ጓደኛዬ «ወደ ዳታቤዝ ቀይረው» አለኝ። ደብዳቤዎቹ ሁሉ ዳታቤዝ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው? ከምንስ ልጀምር?

መልስ፦ አይገቡም። ብዙ ሰው ነገሩን የሚረዳው እንደ እርስዎ ስለሆነ ከዚሁ እንነሣ። የአገራችን የፖስታ ልማድ ሣጥን ነው፤ ተከራዩ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁልፉን ይይዛል፣ ሲመቸው ሄዶ ይከፍታል። ደብዳቤ የሚለየው ሠራተኛ ግን የትኛው ሣጥን የማን እንደሆነ፣ ኪራዩ ያለቀበትስ የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ከመዝገብ ነው። መዝገቡ ውስጥ ደብዳቤ አይቀመጥም። ዳታቤዙም ለሰርቨርዎ ይህ መዝገብ ነው፤ ደብዳቤዎቹ ራሳቸው በዲስኩ ላይ፣ በየባለቤታቸው ፎልደር፣ እያንዳንዱ ደብዳቤ አንድ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል። ይህ አቀማመጥ ሜይልዲር ይባላል። አንድ ፋይል ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ ደብዳቤ ብቻ በመሆኑ፣ የሠራተኛው ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ረጅም ፋይል ከሚታጨቅበት ከቀድሞው አሠራር እጅግ የተሻለ ነው።

ሥራውን የሚከፋፈሉት ሦስት ፕሮግራሞች ናቸው። ፖስትፊክስ ከውጭ የሚመጣውን ይቀበላል፣ ከውስጥ የሚወጣውን ይልካል፤ ቪትሴ ቬኔማ በአይቢኤም የምርምር ማዕከል ሳለ ሠርቶት እ.ኤ.አ. በ1998 ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። ዶቭኮት፣ ፊንላንዳዊው ቲሞ ሲራይነን እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው፣ ሣጥኖቹን ይጠብቃል፤ ባለቤቱ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ሲመጣም የይለፍ ቃሉን አረጋግጦ ይከፍትለታል። ሦስተኛው ሁለቱም የሚጠይቁት መዝገብ ነው፤ ማሪያዲቢ፣ ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ ሊሆን ይችላል። ለ38 ሠራተኞች የፍጥነት ልዩነታቸው ስለማይሰማ፣ ከዚህ በፊት እጅዎ የለመደውን ይያዙ።

የጓደኛዎ ምክር ትክክል ነው። በአንድ ማሽን ላይ «ኢንፎ» የሚባል አካውንት ከአንድ በላይ ሊኖር ስለማይችል፣ ሁለተኛው ዶሜይን ሲጨመር ለሁለቱም «ኢንፎ»ዎች የሚላከው ደብዳቤ እዚያው አንድ ሣጥን ውስጥ ይወድቃል። ከዚህም ሌላ ደብዳቤ ብቻ የሚፈልግ ሠራተኛ ሁሉ የማሽኑ ተጠቃሚ ሆኖ መመዝገቡ ለደኅንነት መልካም አይደለም። በዳታቤዝ አሠራር ፋይሎቹ በሙሉ ለዚሁ ሥራ ብቻ በተፈጠረ በአንድ የሊኑክስ ተጠቃሚ ስም ይያዛሉ፤ ሠራተኞቹ ግን በመዝገቡ ረድፎች እንጂ በማሽኑ ላይ አይታወቁም።

ለመጀመር ሦስት ሠንጠረዦች ይበቃሉ። በአንዱ ዶሜይኖችዎን፣ በሁለተኛው አድራሻዎቹን ከይለፍ ቃላቸውና ሣጥኑ ክፍት ወይም ዝግ መሆኑን ከሚያሳይ አንድ አምድ ጋር፣ በሦስተኛው ደግሞ ሣጥን የሌላቸውንና ወደ ሌላ የሚመሩትን አድራሻዎች ይመዝግቡ፤ ለምሳሌ «ሒሳብ» ተብሎ የሚጻፈው ለሁለት የሒሳብ ሠራተኞች እንዲደርስ። ፖስትፊክስ ደብዳቤ ሲመጣለት በየሠንጠረዡ ጥያቄ ያቀርባል፤ ዶሜይኑ የእኛ ነው? አድራሻው የሚመራው ወደ ሌላ ነው? ሣጥን አለው? ለእያንዳንዱ ጥያቄ አጭር የኤስኪውኤል (የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ) ዓረፍተ ነገር የያዘ ፋይል ይጽፋሉ፤ የፖስትፊክስ በኩል ሥራዎ በአብዛኛው ይኸው ነው። ደብዳቤው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ኤልኤምቲፒ በሚባለው መንገድ ለዶቭኮት ይሰጠዋል፤ ዶቭኮት ሣጥኑ ውስጥ ያስቀምጠዋል።

ጀማሪዎች የሚሰናከሉባቸውን ጥቂት ቦታዎች ልጠቁምዎ። ዶሜይንዎ በዳታቤዙ ከተመዘገበ፣ ፖስትፊክስ የማሽኑን የራሱን መድረሻ ስሞች ከሚያነብበት ዝርዝር ላይ ይሰረዝ፤ በሁለቱም ቦታ ከተገኘ ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ለሊኑክስ አካውንት ሊያደርስ ይሞክርና «እንዲህ ያለ ሰው የለም» ይላል። የዳታቤዙን አድራሻ «ሎካልሆስት» ብለው ሳይሆን በቁጥር 127.0.0.1 ብለው ይጻፉ፤ ሁለቱም «ይኸው ማሽን ራሱ» ማለት ቢሆኑም፣ በማሪያዲቢና በማይኤስኪውኤል «ሎካልሆስት» ሲባል ፕሮግራሙ በሶኬት ፋይል (በአንድ ማሽን ላይ ያሉ ፕሮግራሞች በሚገናኙበት ፋይል) ለመገናኘት ይሞክራል፣ በደቢያንና በኡቡንቱ በሚባሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ደግሞ አንዳንዶቹ የፖስትፊክስ ክፍሎች ያን ፋይል ማየት በማይችሉበት ዝግ ፎልደር ውስጥ ሆነው ነው የሚሠሩት። እዚህ ላይ ሁለት ሙሉ ቀን ያባከነ ሰው አውቃለሁ፤ ይህን አምድ የሚጽፈው እሱ ነው። ሁለቱ ፕሮግራሞች ዳታቤዙን የሚገቡበት ስም ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቀድለት፤ የይለፍ ቃሎቹም እንደተጻፉ ሳይሆን ቢክሪፕት ወይም አርጎን2 በመሰለ ዘዴ ተመስጥረው ይቀመጡ። መዝገቡን የሰረቀ ሰው የሠራተኞቻችሁን ቁልፍ ከነጥርሱ ማግኘት የለበትም።

ላልታወቀ አድራሻ የመጣውን ሁሉ ወደ አንድ ሣጥን የሚሰበስብ ረድፍ ለመጻፍ ከፈለጉም ይጠንቀቁ። ፖስትፊክስ አስቀድሞ የሚያየው የመሪ አድራሻዎቹን ሠንጠረዥ ስለሆነ፣ ያ አንድ ረድፍ እውነተኛ ሣጥን ላላቸው ሠራተኞችም የሚመጣውን ይወስደዋል፤ እያንዳንዱ አድራሻ ወደ ራሱ እንደሚመራ ካልተመዘገበ በቀር። እኔ እንዲህ ያለውን ሰብሳቢ ሣጥን አልመክርም፤ የሚሞላው በቆሻሻ ደብዳቤ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንዲይዙልኝ የምፈልገው ግን የሚከተለውን ነው። ዳታቤዙ ቢቆም ፖስትፊክስ ለላኪው ሰርቨር የሚሰጠው መልስ በ4 ይጀምራል፤ «ለጊዜው አልቻልኩም፣ ቆይተህ ተመለስ» ማለት ነው። ላኪው ደብዳቤውን ይዞ ይጠብቃል፣ እየተመላለሰም ይሞክራል፤ ዳታቤዙ ሲነሣ ሁሉም ይደርሳል። ዳታቤዙ ሥራ ላይ ሆኖ ሠንጠረዡ ባዶ ከሆነ፣ ወይም የኤስኪውኤሉ ዓረፍተ ነገር አንድ ፊደል ስቶ ምንም ረድፍ ካላመጣ ግን መልሱ በ5 ይጀምራል፤ በዚያን ጊዜ 550 ብሎ «ይህ ሰው እዚህ የለም» ይላል። ላኪው ዳግመኛ አይሞክርም፤ ደብዳቤው ወደ ጻፈው ሰው ይመለሳል። ከዓመታት በፊት በአንድ ድርጅት የአድራሻዎቹን ሠንጠረዥ ከመጠባበቂያ ቅጂ ስመልስ ፖስትፊክስን ሳላቆም ነበር። ሠንጠረዡ ባዶ ሆኖ የቆየው ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ ያህል ብቻ ቢሆንም፣ በዚያች ጊዜ የጻፉ ደንበኞች ሁሉ የሥራ አስኪያጁ አድራሻ እንደሌለ ተነገራቸው፤ አንዳንዶቹም ድርጅቱ ተዘግቷል ብለው ደወሉ። የቆመ መዝገብ ደብዳቤ ያዘገያል፤ ባዶ መዝገብ ግን ደብዳቤ ይመልሳል።

ስለዚህ ሽግግሩን ሲያደርጉ በፖስትፊክስ ውስጥ «ሶፍት ባውንስ» የተባለውን መቼት ይክፈቱ፤ የመጨረሻ እንቢታውን ሁሉ ወደ ጊዜያዊነት ይለውጥልዎታል። ለሕዝብ በሩን ከመክፈትዎ በፊትም ፖስትማፕ በተባለው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ያለና የሌለ አድራሻ እየሰጡ መልሱን በዓይንዎ ይዩ። ላለው መልስ፣ ለሌለው ዝምታ ሲሰጥዎ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ሁሉ ነገር ለጥቂት ቀናት በትክክል ከሠራ በኋላ ግን መቼቱን ይዝጉት፤ ክፍት ከቀረ አድራሻ የተሳሳተባቸው ሰዎች ስህተታቸውን ሳይነገራቸው ለቀናት ይቆያሉ።

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ እሠራለሁ። ሰርቨራችን ደብዳቤ በደንብ ይቀበላል፤ እርስ በርሳችንም እንጻጻፋለን። ለተማሪዎች ወደ ጂሜይል የምንልከው ግን ወይ ቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ይገባል ወይ ይመለሳል። «ዶሜይኑ ነው የተበላሸው» ተብለን ሌላ ገዛን፤ ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ ሌላ ዶሜይን መግዛታችሁ ነገሩን ሳያብሰው አልቀረም፤ አዲስ ስም ማለት ማንም የማያውቀው ስም ነው። ተቀባዩ የሚጠይቃችሁ የአገራችን ቢሮ ከባለጉዳይ የሚጠይቀውን ነው፤ ማን ነህ፣ ውክልናህ የታለ፣ ደብዳቤው ማኅተም አለው ወይ?

«ማን ነህ» የሚለውን የሚመልሰው የአይፒ አድራሻችሁ ነው፤ ሰርቨራችሁ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር ማለት ነው። ከሰርቨሩ ስም ወደ ቁጥሩ የሚወስደውን መዝገብ እናንተ ታስገባላችሁ፤ ከቁጥሩ ወደ ስሙ የሚመልሰውን፣ ፒቲአር የሚባለውን፣ ማስገባት የሚችለው ግን የቁጥሩ ባለቤት ማለትም የኢንተርኔት አቅራቢው ብቻ ነው። ብዙዎች ዶሜይን የሸጠላቸውን ሰው ሲያስጨንቁ ይከርማሉ፤ እሱ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ቋሚ የአይፒ አድራሻ ጠይቃችሁ፣ ያ ቁጥር በሰርቨራችሁ ስም እንዲመዘገብላችሁ ለአቅራቢው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ፖስትፊክስም ሰላምታ ሲሰጥ የሚጠራው ያንኑ ስም ይሁን። በየጊዜው በሚቀያየር ቁጥር ላይ የቆመ ሰርቨር ደብዳቤ ለመላክ አይሆንም፤ እዚህ ላይ ብልሃት መፈለግ ድካም ነው።

ውክልናው ኤስፒኤፍ ይባላል፤ በስማችሁ ደብዳቤ ለመላክ የተፈቀደላቸውን ሰርቨሮች ዘርዝሮ በዶሜይናችሁ መዝገብ ላይ የሚቀመጥ አንድ መስመር ነው። ወደ ሌሎች መዝገቦች የሚመሩ ነገሮችን አትደራርቡበት፤ ለማጣራት ከ10 ፍለጋ በላይ ካስፈለገ ተቀባዩ እንደ ስህተት ይቆጥረዋል። ማኅተሙ ዲኪም ነው፤ ሰርቨራችሁ በምሥጢር ቁልፉ እያንዳንዱን ደብዳቤ ያትማል፣ ተቀባዩ በዶሜይናችሁ ላይ በተለጠፈው ግልጽ ቁልፍ ማኅተሙን ያመሳክራል። ቁልፉ 2048 ቢት ይሁን። ዲማርክ የሚባለው ሦስተኛው መስመር ደግሞ ውክልናም ማኅተምም ሳይኖረው በስማችሁ የመጣውን ተቀባዩ ምን እንዲያደርገው እንደምትፈልጉ ይናገራል፤ በመጀመሪያ «ምንም አታድርግ፣ ሪፖርት ብቻ ላክልኝ» በሚለው ጀምራችሁ ሪፖርቱን ካያችሁ በኋላ አጥብቁት። ጉግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2024 ጀምሮ ደብዳቤ በብዛት ከሚልክላቸው (ጉግል በቀን 5,000 ገደማና ከዚያ በላይ ይላል) ሦስቱንም በግዴታ ይጠይቃሉ፤ ተቀባዮች ቆሻሻ ነው ብለው የሚያመለክቱት ደብዳቤም ከ0.3 በመቶ እንዲያንስ ይፈልጋሉ። የእናንተ ኮሌጅ ያን ያህል ባይልክም በሦስቱም መሟላት ትጠቀማላችሁ። መሟላቱን ለማየት ለራሳችሁ የጂሜይል አድራሻ ደብዳቤ ልካችሁ የደብዳቤውን ዋና ቅጂ ክፈቱ፤ ሦስቱም አልፈው እንደሆነ ከላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ይህን ሁሉ ያሟላ ሰርቨርም አንድ ሌሊት ላይ ስሙ ሊጠፋ ይችላል። አንድ መምህር የይለፍ ቃሉን ቀላል ካደረገ፣ ቃሉን የገመተ ሌባ በእሱ ስም በሺህ የሚቆጠር ቆሻሻ ደብዳቤ እስከ ጧት ይበትናል፤ ቁጥራችሁም በጥቁር መዝገብ ይሰፍራል፤ ከዚያ መውጣት ከመግባት ይከብዳል። ዳታቤዝ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ የዚያን ሰው ረድፍ «ዝግ» ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ረድፉን መዝጋት አስቀድሞ የገባውን አያስወጣም፤ ዶቭኮት የከፈተለት ግንኙነት እንደተከፈተ ይቆያል፣ ያረጋገጣቸውን የይለፍ ቃሎች የሚያስታውስበትን መቼት ከፍታችሁ ከሆነም የቀድሞውን ቃል ለተወሰነ ጊዜ ያምነዋል። ረድፉን ከዘጋችሁ በኋላ በዶቭኮት ትእዛዝ ሰውየውን አስወጡት፤ በፖስትፊክስ ወረፋ ላይ የተከማቸውንም የእሱን ደብዳቤ ሰርዙ። ወረፋውን የረሳ ሰው ሌባውን አስወጥቶ ዕቃውን ራሱ ያደርስለታል።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ፣ መጋላ። ሰርቨራችን እስከ 10 ሜጋባይት እንደሚቀበል ተነግሮናል። 8 ሜጋባይት የሆነ የደረሰኝ ፋይል አባሪ አድርገን ስንልክ ግን ይመለሳል። ተታለልን?

መልስ፦ አልተታለላችሁም። አባሪ ፋይል በኢሜይል ሲጓዝ ወደ ጽሑፍ ፊደላት ይለወጣልና መጠኑ በሲሶ ገደማ ይጨምራል፤ 8 የነበረው ከ10 ተኩል በላይ ይሆናል። ፖስትፊክስ ሲተከል የሚይዘው ወሰን 10,240,000 ባይት ስለሆነ በተግባር ከ7 ሜጋባይት ተኩል በላይ አባሪ አያሳልፍም። ባለሙያችሁ ወሰኑን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ተቀባዩም የራሱ ወሰን ስላለው ግን ከ25 ሜጋባይት በላይ መሄዱ ብዙ አይጠቅምም። ደረሰኙን በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ከሆነ የምትልኩት፣ ፎቶውን አሳንሱት፤ ይህ ከሁሉ ይቀልላል።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤታችን ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። መብራት በተደጋጋሚ ይጠፋል፤ ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው ባትሪ) 20 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። ባለፈው መብራት ሲመለስ ዳታቤዙ አልነሣ ብሎ አንድ ቀን ያለ ኢሜይል ዋልን። የጠፋ ደብዳቤ ይኖር ይሆን? ክፍሉም በጣም ይሞቃል።

መልስ፦ መብራት ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ የተጻፈላችሁ ደብዳቤ የሚጠብቀው እናንተ ዘንድ ሳይሆን በላኪው ሰርቨር ነው። ፖስትፊክስ ራሱ ላኪ ሲሆን፣ ካልተለወጠ በቀር፣ አንድን ደብዳቤ ለ5 ቀናት ያህል ይሞክራል፤ የአንድ ቀን መቋረጥ ስለዚህ ብዙ አያስጨንቅም። መብራቱ በጠፋባት ቅጽበት በመግባት ላይ ለነበረውም ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ዲስክ ላይ ሳይጽፍ «ተቀብያለሁ» አይልም፤ ካላለ ደግሞ ላኪው አልደረሰም ብሎ ይመለሳል።

ወደ ዳታቤዙ ስንመጣ፣ ሠንጠረዦቻችሁ ኢኖዲቢ በሚባለው አቀማመጥ ከሆኑ ድንገት የተቋረጠውን ሥራ ከራሱ መዝገብ አንብቦ ሲነሣ ያስተካክለዋል። ማይአይሳም በሚባለው በቀድሞው አቀማመጥ ከሆኑ ግን በእያንዳንዱ የመብራት መጥፋት የመበላሸት ዕድል አላቸው፤ ዛሬውኑ ለውጧቸው። ዳታቤዝ አልነሣም ሲል ከምንም ነገር በፊት የዲስኩን ባዶ ቦታ ተመልከቱ። ስንት ሰው ዳታቤዙን አፍርሶ እንደገና ሲተክል ውሎ፣ ምክንያቱ ማንም ያላጸዳው የሎግ (የማሽኑ የዕለት ክንውን መመዝገቢያ) ፋይል ዲስኩን መሙላቱ ሆኖ አግኝቷል። ቀጥሎም የስህተት ሎጉን የመጨረሻ መስመሮች አንብቡ፤ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል።

ሰዓቱንም እዩ። በማሽኑ ውስጥ ያለችው ትንሿ ባትሪ ከደከመች፣ መብራት በተመለሰ ቁጥር ሰርቨሩ ከብዙ ዓመት በፊት ባለ ቀን ይነሣል፤ ሌሎች ሰርቨሮች ማንነታቸውን የሚያሳዩባቸው የምሥክር ወረቀቶች «ገና ያልጸኑ» ይመስሉታል፣ የደብዳቤዎቹም ቀን ይሳሳታል። የቆዩት የዶቭኮት ዕትሞች እንዲያውም ሰዓት ወደ ኋላ መሄዱን ሲያዩ ራሳቸውን ያጠፉ ነበር። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ ለውጧት፤ ሰርቨሩም ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲያስተካክል አድርጉ። ዩፒኤሱ የሚይዘው 20 ደቂቃም ለመሥራት ሳይሆን በሥርዓት ለመዝጋት ነው፤ በዩኤስቢ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝታችሁ ባትሪው ሲያንስ ማሽኑ ራሱን እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል።

የመጠባበቂያ ቅጂን ነገር አልጠየቃችሁም፤ መጠየቅ ነበረባችሁ። ዳታቤዙን በየሌሊቱ በአንድ ወጥ ቅጽበት የሚቀዳውን አማራጭ ተጠቅማችሁ ወደ ፋይል አውጡት፤ ለጥቂት መቶ አድራሻዎች የሚወጣው ፋይል ከአንድ ፎቶ አይበልጥም። የሚከብደው የደብዳቤዎቹ ፎልደር ነው፤ ይህን አርሲንክ በተባለው የመቅጃ ፕሮግራም የተለወጠውን ብቻ እየመረጣችሁ ቅዱ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ደብዳቤዎቹ ተገኝተው መዝገቡ ቢጠፋ የማን ሣጥን በየትኛው ቁልፍ እንደሚከፈት የሚያውቅ አይኖርም። ቅጂው ከሰርቨሩ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ መቀመጥ ግን አይገባውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ያደረሰውን ጥፋት ለድሬዳዋ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ጎርፍ ሰርቨሩን ወስዶ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዲስክ አይተውም። ሐረር ቅርንጫፍ ወይም የምታምኑት ሰው ካላችሁ፣ በምሥጢር የተቆለፈ ዲስክ በሳምንት አንድ ቀን በደንገጎ በኩል በሚወጣው ሚኒባስ ላኩ፤ ሁለት ዲስክ እያፈራረቃችሁ። ይህ ኋላ ቀር ሊመስል ይችላል፤ 200 ጊጋባይት በደካማ የኢንተርኔት መስመር ለመስደድ የሞከረ ሰው ግን አይስቅበትም።

በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን በሌላ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ አንድ ሣጥን ክፈቱበት። በዋናው ሰርቨር ላይ መመለስ ግድ ሲሆን ግን መጀመሪያ ፖስትፊክስን አቁሙ፣ ዳታቤዙን መልሱ፣ ረድፎቹን ቁጠሩ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ፖስትፊክስን አስነሡ፤ ምክንያቱን ለከዚራው ጠያቂያችን ከነውርደቴ ነግሬዋለሁ።

ሙቀቱን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍታ ያላት የቆላ ከተማ ናትና ማራገቢያ የሚያራግበው ያንኑ ሙቅ አየር ነው። ዲስኮች ሙቀት ሲበዛባቸው ዕድሜያቸው ያጥራል። ሰርቨሩን ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳ አርቁ፣ አቧራውን በየወሩ አስጠርጉ፤ አነስተኛም ቢሆን የአየር ማቀዝቀዣ ግዙለት። ማቀዝቀዣው መብራት ሲመለስ ራሱ የማይነሣ ዓይነት ከሆነ ግን ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ሲዘጋ አያገለግላችሁም፤ ስትገዙ ይህን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሐረር። የሠራተኞቻችንን ስም በአማርኛ ዳታቤዙ ውስጥ ስናስገባ የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። ደግሞስ አድራሻውን ራሱን በአማርኛ ፊደል ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ዳታቤዛችሁ የተከፈተው በላቲን ፊደል መቼት ነው። የሚያሳዝነው፣ አንዴ የጥያቄ ምልክት ሆኖ የተቀመጠው ስም ተመልሶ አይገኝም፤ ሠንጠረዡን ዩቲኤፍ8-ኤምቢ4 ወደሚባለው መቼት ለውጣችሁ ስሞቹን እንደገና መጻፍ ይኖርባችኋል። ፊደላችን የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መለያ በሆነው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን እያንዳንዱ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ሦስት ባይት ብቻ የሚችለው የማይኤስኪውኤል አሮጌው ዩቲኤፍ8 ለአማርኛ ይበቃ ነበር፣ አንድ ሰው ስሙ አጠገብ አራት ባይት የሚይዝ የፈገግታ ምልክት እስኪያስገባ ድረስ። መቼቱ በሠንጠረዡ ብቻ ሳይሆን ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይም መለወጥ አለበት፤ አለበለዚያ የጥያቄ ምልክቱ ተመልሶ ይመጣል።

አድራሻውን በአማርኛ ማድረግ ይቻላል፤ ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2012 ወጥቷል፣ ፖስትፊክስም ከ3.0 ዕትሙ ጀምሮ ያስተናግደዋል። ነገር ግን መንገድ ላይ ያለ አንድ ሰርቨር ካልቻለ ደብዳቤው ስለሚመለስ፣ የላቲኑን አድራሻ ዋና አድርጋችሁ የአማርኛውን ወደ እሱ የሚመራ ረድፍ አድርጉት። ከዚያ ደግሞ የራሳችን ጣጣ ይመጣል። ለእኛ «ሐረር» እና «ሀረር» አንድ ከተማ ነው፤ ለዳታቤዙ ግን በተለያየ ፊደል የተጻፉ ሁለት ቃላት ናቸውና አንዱን መዝግባችሁ በሌላው የተጻፈላችሁን «የለም» ብሎ ይመልሰዋል። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ዐ» እና «አ» እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ በመሪ አድራሻዎቹ ሠንጠረዥ ላይ ሰው ሊጽፈው የሚችለውን አጻጻፍ ሁሉ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ረድፍ እየሰጣችሁ፣ ወደዚያው ወደ አንዱ ሣጥን ምሩት፤ «ኀረር» ብሎ የሚጽፍም አይጠፋም።